ካሽ ሬጅስተሩ ሲቆም ማን ይጠራል?

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያለው መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። የስፌት መኪና ሲበላሽ ሰፊው ራሱ ይፈታዋል። ካሽ ሬጅስተርን ግን ባለሱቁም ሆነ በደመወዝ የቀጠረው የኮምፒዩተር ባለሙያ እንዳሻው አይከፍተውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 139 ጥገናውን ለአገልግሎት ማዕከላት ሰጥቷል። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደግሞ መሣሪያው ሥራ ሲያቆም በ2 ሰዓት ውስጥ ለማዕከሉና ለታክስ ባለሥልጣኑ ባላሳወቀ ነጋዴ ላይ 10 ሺህ ብር ቅጣት ደነገገ።

ነጋዴው እንግዲህ ወደደም ጠላም የውጭ ባለሙያ ደንበኛ ሆኗል። ለሒሳብ ኮምፒዩተሩም ይኸው ያዋጣዋል፤ የአንድ ሱቅ ሥራ ወር ሙሉ ደመወዝ አያስከፍልም። ሲበላሽ ብቻ ጠርቶ መክፈል ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በበዓል ዋዜማ ስልክ የማንሳት ግዴታ ያለበት ሰው የለም። በወር ውል የሚሻለውም ቢሆን ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ጠጋኙ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያስጽፍ። የይለፍ ቃሉና የሒሳቡ ቅጂ ከራሱ ካዝና አይውጡ።