ሕያው አጥር

ጓሮውን በደረቅ እሾህ የሚያጥር ሰው፥ እሾሁ በበሰበሰ ቍጥር ዱር መመንጠሩ አይቀርም። ከደብረ ወርቅ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው ወይና ደጋ ለዚህ መፍትሔው አጋም ነው።

አጋም፥ በሳይንስ ስሙ ካሪሳ ስፒናረም፥ ከአፍሪካ ሌላ በህንድና በአውስትራልያም ይበቅላል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ ውሃው ቶሎ አይተንም፤ ድርቅን የሚችለውም ስለዚህ ነው። ነጭ አበባው መዓዛ አለው፤ ጥቁር ፍሬውንማ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘሩ ከበሰለ ፍሬ ወጥቶ፥ ታጥቦ፥ ሳይደርቅ ይዘራል። ችግኙም ክረምት ሲገባ ግማሽ ሜትር ያህል እየተራራቀ ይተከላል። በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውሃ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሾሁ ራሱ ዘበኛ ይሆናል። አስተዳደጉ ዝግ ያለ ነውና፥ ዱሩ እንዲተርፍ የሚሻ ዛሬውኑ ይጀምር።