የነነዌን አንበሶች ያወጣው የመቅደላ እስረኛ

ነነዌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዮናስና የሦስት ቀኑ ጾም ነው። ከነነዌ ቤተ መንግሥቶች አንዱን ከአፈር ውስጥ ያወጣው ሰው መቅደላ አምባ ላይ በእግር ብረት ታስሮ እንደነበር ግን እምብዛም አይነገርም። ስሙ ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል፤ የሞሱል ተወላጅ ክርስቲያን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1853 ማብቂያ ላይ ራሳም ለብሪቲሽ ሙዚየም ይቆፍር ነበር። ኩዩንጂክ ከሚባለው ጉብታ ዓይኑን የጣለበት ሰሜናዊው ክፍል ለፈረንሳዮች የተመደበ ስለነበር፣ ሠራተኞቹን ይዞ በሌሊት ገባበት። (ዛሬ ቢሆን ያስከስሰው ነበር።) ብዙም ሳይቆይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአሹርባኒፓል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ብቅ አለ።

ግድግዳው የተለበጠው በጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ጂፕሰም በጥፍር የሚጫር ለስላሳ ድንጋይ ነው። ጠራቢው በምስሉ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ዝቅ አድርጎ ይፈለፍለዋል፤ ምስሉ ከመደቡ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከፍታው ትንሽ ስለሆነ የቀረውን የሚሠራው ብርሃን ነው፤ ከጎን ሲመጣ በየጠርዙ ጥላ ይጥላል፣ ጡንቻውና ጎፈሩም ጎልቶ ይወጣል። ፊት ለፊት ሲመታው ደግሞ ያ ሁሉ ዝርዝር ይደበዝዛል። በዘመኑ ቀለምም ይቀቡት ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ነነዌን አቃጠሏት። ሰሌዳዎቹን ያተረፋቸውም ይኸው ጥፋት ነው። የጭቃ ጡቡ ግንብ ተንዶ ቀበራቸው። ጂፕሰም በውኃ ቀስ በቀስ ይሟሟልና፣ ሜዳ ላይ ቢቀሩ ኖሮ ዝናብ ይበላቸው ነበር።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የአንበሳ አደኑ ነው። አደን ማለትም ይከብዳል። በአንድ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው አንበሳው ከተዘጋበት ሳጥን አናት ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የሳጥኑን በር ወደ ላይ ይስባል፤ አንበሳው ይወጣል። ዙሪያውን ጋሻ የያዙ ወታደሮች አጥረውታል፤ ንጉሡ በሠረገላው ላይ ቀስቱን ወጥሮ ይጠብቃል። በሌላ ቦታ ንጉሡ የአንበሳውን ጅራት በእጁ ይዞ ይታይ ነበር። ጅራቱን አንድ ሰው በመሮ ቆርጦታል፤ ምናልባት ከተማዋን ከያዙት ወታደሮች አንዱ ይሆናል።

የቆሰለችው እንስት አንበሳ ደግሞ አለች። ፍላጾቹ ወገቧ ላይ ተሰክተዋል፤ የኋላ እግሮቿ ዝለው መሬት ላይ ይጎተታሉ፣ የፊት እግሮቿ ግን ጸንተው ይገፋሉ፣ አፏም ተከፍቷል። ኅብለ ሰረሰር ሲበጠስ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መታዘዝ ያቆማል፤ ከላይ ያለው ይሠራል። የነርቭን አሠራር የሚያስረዳ ሳይንስ ባልነበረበት ዘመን ይህን እንዲህ አድርጎ የቀረጸ እጅ፣ እንስሳው ሲሞት በቅርብ ያየ ሰው እጅ ነው። ጠራቢው አዝኖላት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የአንበሳው ኃይል በገነነ ቁጥር የገዳዩ ንጉሥ ክብርም አብሮ ይገናል።

ከዚሁ ቤተ መንግሥት የወጣ ሌላ ሰሌዳ የግብፅን ዘመቻ ያሳያል። ምሽጉ ተሰብሮ፣ ራሳቸው ላይ ላባ የሰኩ የኩሽ ወታደሮች ታስረው ይነዳሉ። አሹርባኒፓል በግብፅ ዘመቻዎቹ ከገጠማቸው ነገሥታት አንዱ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚለው ቲርሐቅ ነበር።

ራሳም ከነነዌ በኋላ በኤደን የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1864 የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ በዐፄ ቴዎድሮስ የታሰረውን የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮንን ሊያስፈታ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ በክብር ተቀበሉት፤ ከወራት በኋላ ግን እሱም ሊያስፈታቸው ከመጣው ሰዎች ጋር ታስሮ መቅደላ ወጣ። ንጉሡ ወዳጄ ይሉት ነበር፤ ብረቱ ግን አልቀረለትም። የተለቀቀው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ሲደርስ፣ በ1860 ዓ.ም. በፋሲካ ዋዜማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በፋሲካው ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ።

ከናፒየር ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስም መጥቶ ነበር፤ ከተዘረፈው የመቅደላ ቅርስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ገዛ። ራሳም ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ ቁፋሮው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1879 የቂሮስን የሸክላ ጽሑፍ ከባቢሎን አወጣ። ዛሬ የነነዌ አንበሶች በለንደኑ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ለመጣ ሁሉ ይታያሉ። ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ 11 ታቦታት ደግሞ በዚያው ሙዚየም ይዞታ ውስጥ፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ በማይገቡበት ዝግ ክፍል ተቀምጠዋል።