ከረሜላው በነፃ፣ ትዕግሥቱ በዋጋ

ካንዲ ክራሽ ሳጋን ስልክዎ ላይ ሲጭኑ አምስት ሳንቲም አይጠየቁም። ይህን ጌም የሠራው ኪንግ የተባለው ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሌላው የጌም ኩባንያ አክቲቪዥን ብሊዛርድ ሊገዛው ሲስማማ የተቆረጠለት ዋጋ 5.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በነፃ የሚታደል ነገር ይህን ያህል እንዴት አወጣ?

መልሱ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ ባቀረበው ሰነድ ውስጥ አለ። በወር ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጨዋታዎቹን ይጫወቱ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጡት 12 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከመቶ አራቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ዘጠና ስድስቱ ምንም አይከፍሉም። ስለዚህ ሳይከፍል የሚጫወት ሰው ማንንም አላታለለም፤ ጨዋታው ከመጀመሪያው የተሰላው እሱንም ቆጥሮ ነው። ከዚያ በፊት በ2013 ቶሚ ፓልም የተባለ የኪንግ ባልደረባ ለእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ እንደተናገረው፣ በጊዜው የመጨረሻው ሌቭል ላይ ከደረሱት ተጫዋቾች 70 በመቶው አንድም ጊዜ አልከፈሉም።

ጨዋታው ቀላል ነው። ባለ ስድስት ቀለም ከረሜላዎች ተደርድረዋል፤ ሁለት ጎረቤታሞችን አቀያይረው ሦስት አንድ ዓይነት ካስተካከሉ ይፈነዳሉ፣ ከላይ ያሉት ወርደው ክፍተቱን ይሞላሉ። በተሰጠዎት የእንቅስቃሴ ብዛት ውስጥ ሌቭሉ የሚጠይቀውን መፈጸም አለብዎት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሩሲያ ውስጥ በ1994 የተሠራው ሻሪኪ የዚህ ቤተሰብ አያት ነው። ካንዲ ክራሽ በኤፕሪል 2012 ፌስቡክ ላይ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ስልክ ላይ ወጣ።

ጀማሪ ዓይኑ ያየውን ሦስት ሁሉ ወዲያው ያፈነዳል። ትንሽ ከዘገየም ጨዋታው ራሱ ከረሜላዎችን እያወዛወዘ «ይኸው» ይለዋል። ያንን ጥቆማ አይመኑት። የሚያሳየው የሚቻል እንቅስቃሴን እንጂ የሚሻለውን አይደለም። የሚሻለው አራትና አምስት ማግኘት ነው። አራት በአንድ መስመር ሲገጥሙ ባለ መስመር ከረሜላ ይወጣል፤ ይህ ሲፈነዳ አንድ ሙሉ ረድፍ ይጠርጋል። ወደየት እንደሚጠርግ የሚወስነው ጣትዎ ነው፦ ወደ ጎን ከገፉ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከገፉ ከላይ እስከ ታች ይጠርጋል። አምስት በማዕዘን ወይም በመስቀለኛ ቅርጽ ከገጠሙ የተጠቀለለው ከረሜላ ይመጣል፤ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ያፈነዳል። አምስት ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ደግሞ አንድን ቀለም በሙሉ ከሰሌዳው የሚያጠፋው ቦምብ ይፈጠራል።

ዋናው ብልሃት እነዚህን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። ባለ መስመሩና የተጠቀለለው ሲገናኙ ሦስት ረድፍና ሦስት ዓምድ ባንዴ ይሄዳል። የቀለም ቦምቡ ከባለ መስመሩ ጋር ሲቀያየር የዚያ ቀለም ከረሜላዎች ሁሉ ባለ መስመር ሆነው ይፈነዳሉ። ስለዚህ አንዱን ልዩ ከረሜላ እንዳገኙት አያባክኑት፤ ጓደኛ እስኪመጣለት ያቆዩት። ከታች በኩል መጫወትም ይጠቅማል፤ ከታች ሲነካ ከላይ ያለው ሁሉ ስለሚንቀሳቀስ ያላሰቡት ግጥሚያ ይወጣልዎታል። ቸኮሌት ያለበት ሌቭል ላይ ግን ይህን ሕግ ይርሱት። ቸኮሌት ምንም ሳይነካ ባለፈ ቁጥር ጎረቤቱን ይውጣል፤ በየተራው አንድ ቁራጭ ከሰበሩለት ግን በዚያ ተራ አያድግም። ከከረሜላው ሥር የሚጸዳ ጄሊ ያለበት ሌቭል ላይ ደግሞ ጠርዙንና ጥጉን ያስቀድሙ፤ መሀሉ በራሱ ጊዜ ይጸዳል።

ገንዘቡ የሚመጣው ግን ከዚህ ሁሉ አይደለም። አምስት ነፍስ ይሰጥዎታል፤ ሲሸነፉ አንዱ ይሄዳል፣ እያንዳንዱም በ30 ደቂቃ ይመለሳል። አምስቱም ቢያልቁ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሙሉ ነዎት። ጨዋታው የሚሸጥልዎት እንግዲህ ይህንን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ካለፉ ነፍስ አይቀንስም። ሰሌዳው ገና ሲከፈት ካላማረዎትም አንድም ከረሜላ ሳይነኩ ከወጡ ብዙውን ጊዜ ነፍስዎ አይነካም፤ ተመልሰው ሲገቡ ሌላ አደራደር ሊያገኙ ይችላሉ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና አንዲት ጄሊ ቀርታ እንቅስቃሴው ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ያኔ «አምስት ተጨማሪ እንቅስቃሴ» የሚል ግብዣ በወርቅ፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ በሚሠራው ገንዘብ፣ ይቀርባል። እኔ ይህን ሰዓት የጨዋታው እውነተኛ ሱቅ እለዋለሁ፤ ደንበኛው የሚጠራው ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቢሸነፉ የሚያጡት ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። በስጦታ ያገኙት ወርቅ ካለና የቀረችው ጄሊ በአንድ ሁለት እንቅስቃሴ የምትደረስ ከሆነች ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ «አልፈልግም» ይበሉ። የአሳማ ሙዳዩንም ይጠንቀቁ፦ እየተጫወቱ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት፣ ለመስበር ግን እውነተኛ ገንዘብ ይጠየቃል። በስጦታ የሚያገኙትን አጋዥ በቀላል ሌቭል አይጨርሱት፤ ሦስት አራት ጊዜ ላሸነፈዎት ያቆዩት።

ለመጨረስም አይቸኩሉ፤ ሌቭሎቹ ከ15,000 በላይ ሆነዋል፣ ኩባንያውም መጨመሩን አላቆመም።

ልጆች ላሏችሁ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ሆናችሁ የባንክ ካርዳችሁን ከስልካችሁ ጋር ላገናኛችሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በጌሞች ውስጥ ለገዙት ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቷል፤ ጉግልም በዚያው ዓመት 19 ሚሊዮን። ስልኩን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስዋርድ እንዲጠይቅ አድርጉት።