«ዋተርፕሩፍ ነው ጋሼ!»

ነሐሴ ፍርድ ቤቶች የሚዘጉበት ወር ስለሆነ እኔን መሰሉ የሕግ ሰው ትንሽ ፋታ ያገኛል። ባለፈው ነሐሴ ይህችን ፋታ ተጠቅሜ ከውጭ የመጡ ሁለት ዘመዶቼን ይዤ ወደ ጥያ ወረድኩ። መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ፣ ጥያ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መስመር፣ አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ተሻግረው ሶዶ ጉራጌ ሲገቡ የምትገኝ፣ ርቀቷ ዘጠና ኪሎ ሜትር የማይሞላ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች የቆሙት ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ከእነሱም 32ቱ ሰይፍና ሌሎች ፍቺያቸው አከራካሪ የሆነ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። ስንደርስ ፀሐይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ከነበረዶው ወረደብን።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቡቲክ የገዛሁትን፣ እንደ ፍራሽ የተነፋ፣ ደረቱ ላይ የታወቀ የውጭ ምልክት የተሰፋበትን ጃኬት ለብሻለሁ። የወር ገቢዬን ሲሶ ከፍዬበታለሁ። ሻጩ ልጅ «ዋተርፕሩፍ ነው ጋሼ! ባሕር ቢገቡበት ጠብ አይልም» ብሎኛል። ባሕር ድረስ መሄድ አላስፈለገም። መጀመሪያ የትከሻው ስፌት አስገባ፤ ቀጥሎ ዚፑ አስገባ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የውስጡ ላባ እንደ ረጠበ ጥጥ ተጠቅልሎ ወገቤ አካባቢ ተከማቸ። ድንጋዮቹን የሚጠብቀው ሰው ግን ስስ፣ የደበዘዘ አረንጓዴ፣ ገበር የሌለው ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ዘና ብሎ ቆሟል። እኛ መኪና ውስጥ ገብቶ እንዲጠለል ጋብዘነው ሲያወልቀው ከሥር ያለው ሹራብ ደረቅ ነው። የእኔን ዳሰስ አደረገና «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ የብርድ ነው እንጂ የዝናብ አይደለም» አለኝ። የራሱን ቡታጅራ ገበያ ከሳልቫጅ መርጦ እንደገዛው ነገረኝ።

እስከ አዲስ አበባ እየተንቀጠቀጥኩ መጣሁና ዐሥር ቀን በደረት ሕመም ተኛሁ። ሐኪሙ ብርድ ብቻውን የሳንባ ምች እንደማያመጣ፣ ነገር ግን ሃምሳን የተሻገረ ሰው በረጠበ ልብስ ለሰዓታት መቀመጡ የሚመከር እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኝ። የተኛሁበትን ጊዜ ያዋልኩት ይህን የጃኬት ጉዳይ በማንበብ ነው። ከተማ ውስጥ በእግር፣ በሚኒባስና በባቡር ለሚመላለስ ሰው ጉዳዩ የፋሽን ብቻ አለመሆኑን ስለተረዳሁ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ላካፍል።

የእኔ ስህተት ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን «ጃኬት» በሚል አንድ ቃል መጥራቴ ነበር። ዝናብን መከላከል አንድ ሥራ ነው፤ ንፋስን ማቆም ሌላ፤ ሙቀትን መያዝ ደግሞ ሦስተኛ። አባቶቻችን ይህን ሳይቀላቅሉ ያውቁት ነበር። ጋቢ ለብርድ ነው፤ ለዝናብ የደጋው እረኛ ከሣር የተሠራ ገሳ ይደርብበታል፤ ገሳው ውኃውን ያንሸራትታል እንጂ አያሞቅም። ጉራጌ አገርም ድንገተኛ ዝናብ የያዘው ሰው የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ ሲደፋ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከበግ ፀጉር የሚሠራው በርኖስ ሁለቱንም በመጠኑ ያጣምራል፤ ምክንያቱም የበግ ፀጉር ቢረጥብም እንኳ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። የዳክዬና የዝይ ላባ ግን እንዲህ አይደለም። የሚያሞቀው በመካከሉ አየር አፍኖ በመያዝ ስለሆነ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ አየሩ ሲወጣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ለሐምሌና ለነሐሴ የላባ ጃኬት መግዛት፣ ላባው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ነው።

ታዲያ የጥያው ጠባቂ ስስ ጃኬት ምን ነበረው? ያገላበጠልኝን ልንገራችሁ። በውስጥ በኩል ስፌቱ ሁሉ ጣት በምታህል ቴፕ ተለጥፎበታል። ይህች ቴፕ ከምንም ነገር በላይ ወሳኝ ናት። መርፌ በወጋው ቁጥር ጨርቅ ይበሳል፤ አንድ ጃኬት በሺዎች የሚቆጠሩ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉት። ጨርቁ ምንም ውኃ የማያስገባ ቢሆን ስፌቱ ካልታሸገ ያ ሁሉ ወንፊት ነው። የእኔ ጃኬት ደግሞ ላባው እንዳይንሸራተት በየጣቱ ርዝመት አግድም የተሰፋ ነበር። ባሕሩን ተዉት፣ ካፊያም አይችልም።

ሁለተኛው ነገር በጨርቁ ውስጥ የተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው፤ ሜምብሬን ይሉታል። የዚህ ነገር ታሪክ ለሕግ ሰው የሚጥም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ የጋለ የቴፍሎን ዘንግ ቀስ አድርጎ ለመለጠጥ ሲሞክር እየተበጠሰ አስቸገረው። ተናዶ በኃይል ቢስበው ዘንጉ ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ረዘመ፤ ውስጡም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሞላ። አምራቹ እንደሚለው ቀዳዳዎቹ ከውኃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያህል ያንሳሉ፤ ከላብ እንፋሎት ሞለኪውል ግን 700 ጊዜ ይበልጣሉ። ዝናቡ አይገባም፣ ላቡ ይወጣል። ጎርቴክስ የሚባለው ይህ ነው።

ነገር ግን ጆን ክሮፐር የሚባል አንድ የኒውዚላንድ ሰው ቀደም ብሎ ይህንኑ መሰል ቁስ የሚያወጣ ማሽን ሠርቶ በምስጢር ይዞት ነበር። ጎር ጋርሎክ የተባለውን ተፎካካሪ በፓተንት ጥሰት ሲከስስ ተከሳሹ ይህንን መከላከያ አድርጎ አነሣ። የሥር ፍርድ ቤቱ ለጋርሎክ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ1983 የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን የውሳኔውን ዋና ዋና ክፍል ሽሮ፣ ሥራውን ከሕዝብ የደበቀ ሰው ምስጢር በኋላ ላይ ይፋ አድርጎ ፓተንት የጠየቀውን ሰው መብት አያስቀርም አለ። ይህ ለጃኬት ገዢ ምን ይጠቅመዋል? ፓተንት ጊዜ አለው፤ ያ የመጀመሪያው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዕድሜውን ጨርሷል። የንግድ ምልክቱ ግን እየታደሰ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሜምብሬኖችን ብዙ ፋብሪካዎች ያመርታሉ፤ ከፖሊዩሬቴን የሚሠሩ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። ለስሙ የሚከፈለውና ለሥራው የሚከፈለው ሒሳብ ለየቅል ናቸው።

በመለያው ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው። 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ካለ፣ ጨርቁ የዐሥር ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ሲጫነው ይችላል ማለት ነው። ይህ ለከተማ ሰው በቂ ነው፤ ቦርሳ ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ማሰሪያው ውኃውን ስለሚጫነው ከፍ ያለውን ቢመርጥ አይጠላም። ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ካሬ ሜትር፣ በሃያ አራት ሰዓት ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚወጣ ይናገራል። በዚህኛው ላይ ብዙ እምነት አትጣሉበት። ፋብሪካዎች የሚለኩበት ዘዴ የተለያየ ስለሆነ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ማወዳደር ያስቸግራል። ደግሞም እንፋሎቱ የሚወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጭው ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው። በእኛ ክረምት ውጭውም እርጥብ ነው። ከፒያሳ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ዳገት ለሚወጣ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ብብቱ ሥር የሚከፈት ዚፕ ይጠቅመዋል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩን ሳያስቀይሙ የሚደረጉ ሙከራዎች አሉ። ጃኬቱን ገልብጠው ቴፑን ይፈልጉ፤ ገበሩ ስፌቱን ሸፍኖ የማያሳይ ከሆነ ይጠርጥሩ። ጨርቁን አፍዎ ላይ አጥብቀው ይንፉበት፤ ትንፋሽዎ እንደልብ የሚያልፍ ከሆነ ሜምብሬን የለውም። ከያዙት ሃይላንድ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ያፍስሱበት። ውኃው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ የላይኛው ቅብ ጤነኛ ነው፤ ግን ይህ ስለ ላዩ ብቻ ይመሰክራል፤ ለስፌቱ አይመሰክርም። ኮፍያውን ደፍተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙሩ። ኮፍያው አብሮዎት የማይዞር ከሆነ ዓይንዎን ይጋርዳል፤ እንዲህ ያለ ኮፍያ ደፍቶ የመገናኛን አስፋልት መሻገር ከሳንባ ምች የባሰ አደጋ ነው። ርዝመቱ መቀመጫዎን ቢሸፍን ደግሞ እርጥብ የታክሲ ወንበር አያስጨንቅዎትም።

ሳልቫጅ ላይ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከት። ያረጀ የፖሊዩሬቴን ቅብ ውስጡ እንደ ፎረፎር ይረግፋል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ይሸታል። እንዲህ የሆነውን በነፃ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ፤ አይጠገንም። እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ እንደሚከነክነኝ ልደብቅ አልችልም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑን እያወቅሁ ስለ ሳልቫጅ አመራረጥ እመክራለሁ። ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ የውጭ ጃኬት ለደመወዝተኛው ምን ያህል እንደራቀ ሁላችንም እናውቃለን። በሜዳ ላይ ሲጠብቅ የሚውልን ሰው ሕጉ ይከለክልሃልና ርጠብ ልለው አልችልም።

ሕጉን ካነሣን ዘንድ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ይዤ ከሕመሜ ስነሣ ወደ ቡቲኩ ተመለስኩ። ደረሰኝ ግን አልተቀበልኩም ነበር፤ ሕግ ተምሮ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል? ልጁ በትሕትና አዳምጦኝ ሲያበቃ «ጋሼ፣ እኔ ባሕር ነው ያልኩት፤ ዝናብ መቼ አልኩ?» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። ገንዘቡ አልተመለሰም። እናንተ ግን «ዋተርፕሩፍ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ በሉ። ጽፎ የሚሰጥ ሻጭ የሚሸጠውን ያውቃል፤ የሚያቅማማም እንዲሁ ያውቃል።

በመጨረሻ የገዛሁት ግራጫ፣ ስስ፣ ገበር የሌለው፣ ስፌቱ የታሸገ ጃኬት ነው። ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርጌ ነው የወሰድኩት፤ ከሥሩ እንደ ቀኑ ሁኔታ ሹራብ እጨምራለሁ ወይም እቀንሳለሁ። አዲስ አበባ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ በሆነበት ወቅት አንድ ወፍራም ጃኬት የማይሰጠው ምርጫ ይኼ ነው። ወልቂጤን ለመሰለ ሞቅ ያለ ከተማ ሹራቡም ላያስፈልግ ይችላል።

አጠባበቁን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። «ጃኬቴ አንድ ክረምት ሠርቶ ተበላሸ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሜምብሬኑ አልተበላሸም፤ የላዩ ቅብ በቆሻሻና በሳሙና ቅሪት ታፍኖ ነው። ያኔ የላይኛው ጨርቅ ውኃ ይጠጣና እንፋሎት መውጫ ያጣል፤ ያረጠበን የራሳችን ላብ ሆኖ ሳለ ዝናብ የገባ ይመስለናል። መድኃኒቱ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ማጠብ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አለመጨመር ነው። ከደረቀ በኋላ መለያው ከፈቀደ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ በለዘብተኛ ካውያ መተኮስ ቅቡን ይቀሰቅሰዋል። አዳዲሶቹ ጃኬቶች ደግሞ ከቀድሞዎቹ ይበልጥ መታጠብ ይፈልጋሉ። የድሮው ቅብ የሚሠራበት ፒፋስ የተባለው የፍሎሪን ኬሚካል በተፈጥሮ የማይፈርስ ሆኖ በመገኘቱ እየተከለከለ ነው፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በአብዛኞቹ ልብሶች ላይ አግዳዋለች። ተተኪዎቹ ውኃን ይመልሳሉ፣ ዘይትና የእጅ ወዝን ግን እንደ ድሮው አይችሉም፤ ቶሎ የሚያድፉት አንገትጌውና እጅጌው ናቸው።

የላባ ጃኬቴን አልጣልኩትም። የተጠቀለለውን ላባ በጣቶቼ እያፍታታሁ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አብዛኛው ወደ ቦታው ተመልሷል። ለታኅሣሥ ማለዳ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ሲቆረጥም፣ ከእሱ የተሻለ የለኝም።