ከሮብ ገበያ ቁልቁል፦ የሚሻል መኖሪያ ስለመምረጥ ተረትና እውነታ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የስናን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሮብ ገበያ፣ ስሟን ከረቡዕ ገበያዋ ያገኘች፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አርሶ አደር በዋነኛነት ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያመርታል፤ ከማሳው ዳር የተከለውን ባሕር ዛፍም እየቆረጠ ይሸጣል። የአባት ማሳ ለልጆች በተከፋፈለ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ አንድ ወይም ሁለት ቃዳ (በጎጃም አንድ ቃዳ የሄክታር ሩብ ያህል ነው) ስለሚወርድ፣ የሚሻል አየር፣ የሚበቃ መሬትና የሚቻል ኑሮ ፍለጋ አካባቢን መልቀቅ በየቤቱ የሚነሣ ጉዳይ ሆኗል። አንዱ ወደ ጃዊ፣ መተከልና መተማ ቆላ ያስባል፤ ሌላው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያያል። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፉ እምነቶች ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በከፊል እውነት፣ አንዳንዶቹም ፍጹም ስሕተት ናቸው።

ለዚህ ውይይት መነሻ የሚሆነው በኢትዮጵያ ሲሠራበት የኖረው የአየር ጠባይ ክፍፍል ነው። በተለመደው አከፋፈል ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 1500 ሜትር ያለው ቆላ፣ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ፣ ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ውርጭ ይባላል። አንድ ሰው በ100 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው የጮቄ ጫፍ እስከ ዓባይ ሸለቆ ባለው አጭር ርቀት ውስጥ አራቱም የአየር ጠባዮች ይገኛሉ።

ተረት 1፦ ደጋ የጤና፣ ቆላ የበሽታ አገር ነው

የዚህ እምነት ግማሹ እውነት ነው። ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች በመሆኑ፣ ከደጋ የሚወርድ ሰው በልጅነቱ ከበሽታው ጋር ስላልተላመደ ከቆላው ነባር ነዋሪ ይበልጥ ይጎዳል። ሆኖም የ2000 ሜትር መስመር እንደ አጥር የቆመ ድንበር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ አካባቢዎችን አዳርሶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ከፍ ባለበት ዓመት ትንኟ ወደ ላይ ትወጣለች፤ በዚያ ያለው ሕዝብ ደግሞ የመከላከል አቅም ስለሌለው ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

በሽታ ከሰው ጋርም ይጓዛል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውና ጉበትንና ጣፊያን የሚያሳብጠው ካላዛር ለረጅም ጊዜ የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ሆኖ ቢታወቅም፣ በ1997 ዓ.ም በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወይና ደጋ ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል፤ ወደዚያ መግባቱም ለሰሊጥ አጨዳና ለአረም ወደ ቆላ ወርደው ከሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር ተያይዟል።

ደጋውና ወይና ደጋውም የራሳቸው በሽታ አላቸው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ዝሆኔ በትንኝ ወይም በትል የሚመጣ ሳይሆን፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ካለው ቀይ የሸክላ አፈር ጋር ለዓመታት በባዶ እግር በመነካካት የሚከሠት ነው፤ ከአፈሩ የሚወጡት ደቃቅ ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ 3.3 በመቶ ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዞ ተገኝቷል። ይህ በሽታ ጫማ በማድረግና እግርን ዘወትር በውኃና በሳሙና በመታጠብ የሚከላከሉት ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች እንደ እርግማን ወይም እንደ ዘር ደዌ ሲቆጥሩት መኖራቸው የበሽታውን ያህል ጎጂ ነው።

ተረት 2፦ ዝናብ የማይቋረጥበት መሬት ሁልጊዜ ለም ነው

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ በዓመት በአማካይ ከ1300 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ስለሚያገኙ፣ ደረቅ አገር ያየ ሰው ይህን በረከት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ይሁን እንጂ በሺህ ዓመታት የዘነበው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ የነበሩትን ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሰሉ ንጥረ ነገሮች አጥቦ ወደ ታች ስለሚያሰርጋቸው፣ በስናን፣ በጎዛምንና በማቻከል ወረዳዎች ሰፊ ማሳ አሲዳማ ሆኗል። የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ከ5.5 ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይመርዛል፤ ገበሬው የጨመረው ማዳበሪያም፣ በተለይ ፎስፈረሱ፣ በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ወጪው ከንቱ ይሆናል። ምልክቱን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ገብሱ ገና በቡቃያው ቢጫ ይሆናል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ሲነቀልም ሥሩ አጭርና ደንዳና ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ቢሆንም፣ ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ስለሚፈልግ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ስለዚህ መሬት የሚመርጥ ሰው ስለ ዝናቡ ከመጠየቁ በፊት የአፈሩን ፒኤች ማስመርመር ይገባዋል።

ተረት 3፦ ቆላው ሰው የሌለበት ባዶ መሬት ነው

ከደጋ ወርዶ ሰፊ ጫካና ያልታረሰ ሜዳ ያየ ሰው ባዶ መሬት ያየ ይመስለዋል። በመተከል ግን የጉሙዝ ሕዝብ የኖረበት የአስተራረስ ዘዴ የሚፈራረቅ እርሻ ነው፤ አንድ ማሳ ለጥቂት ዓመታት ይታረስና አፈሩ እንዲያገግም ለብዙ ዓመታት ዱር ሆኖ ይተዋል። ስለዚህ በደገኛው ዓይን ዱር የሆነው ቦታ በነባሩ ሕዝብ ሥርዓት ውስጥ ባለቤት ያለው፣ የሚታደንበት፣ ማር የሚቆረጥበትና ተራው ሲደርስ የሚታረስ ማሳ ነው። ይህን ልዩነት አለመረዳት ለብዙ ግጭት አንዱ ምክንያት ሆኖ ቆይቷል።

መሬቱ በበሬ ሳይታረስ የቆየበት ሌላም ምክንያት አለ። የቆላ ዝንብ በምትገኝባቸው የዓባይ ገባር ሸለቆዎች፣ በጎጃም በብርና በጨሞጋ ተፋሰሶች አካባቢ ሳይቀር፣ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ በሬውን ያከሳል፣ ይገድላልም። ሁለት በሬ ነድቶ የወረደ ገበሬ በሬዎቹን ካጣ፣ በእጁ የያዘው ሰፊ መሬት ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

የመንግሥት ሰፈራዎች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1977ቱ ድርቅ ሳቢያ ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም 600 ሺህ ያህል ሰዎችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከእነዚህ ሰፈራዎች ትልቁ በበለስ ሸለቆ የተቋቋመው ፓዊ ሲሆን፣ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተካሂዶበታል። ትራክተር፣ መንገድና ሆስፒታል የገባለት ይህ ሰፈራ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወባና በሌሎች በሽታዎች ብዙ ሕይወት አስከፍሏል፤ በ1983 ዓ.ም ሥርዓቱ ሲለወጥም ብዙ ሰፋሪዎች ወደ መጡበት ተመልሰዋል።

ተረት 4፦ መሬቱን የመነጠረ ወይም ገንዘብ የከፈለ ባለቤት ይሆናል

የሕግ አለማወቅ የሚያስከትለው ኪሣራ ከአየር ጠባይ ይልቅ ድንገተኛ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 40 ደግሞ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሁለቱ አንቀጾች ሲነበቡ የሚገኘው ፍሬ ነገር፣ በሄዱበት የመኖር መብት በሄዱበት የእርሻ መሬት የማግኘት ዋስትና አለመሆኑ ነው። የእርሻ መሬት በይዞታ የሚያዘው በክልሎች አስተዳደር በኩል ሲሆን፣ ከይዞታ ባለመብቱ በኪራይ፣ በስጦታ፣ በውርስ ወይም በእኩል አራሽነት (ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር በመካፈል) ይገኛል። በስምምነት ስም የተሸፈነ ሽያጭ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ክርክር ሲነሣ በእጁ የሚቀረው በሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው።

በከተማም መሬት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈልበት የመጠቀም ውል የሚያዝ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የሰጠው ጊዜ 99 ዓመት ነው። ከከተማ ዳር ከገበሬ በርካሽ የተገዛ ማሳ ላይ በሌሊት የሚሠራው «ጨረቃ ቤት» ካርታ ስለሌለው የማፍረስ ትእዛዝ ሲመጣ ያለ ካሣ የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር እነዚህን ችግሮች ታሳቢ በማድረግ፣ ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድ፣ ሰፈራው በራሱ ክልል ውስጥ እንዲሆንና ሰፋሪው ካልተስማማው እንዲመለስ የቀድሞ ይዞታው ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ደንግጎ ነበር። በራሳቸው ተነሥተው ወደ ሌሎች ክልሎች የሄዱት ግን ይህ ከለላ አልነበራቸውም፤ በ2004 ዓ.ም በደቡብ ምዕራብ ካለው ከጉራ ፈርዳ ወረዳ፣ በ2005 ዓ.ም ደግሞ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ብዙ የአማራ ተወላጆች መፈናቀላቸው፣ በኋላም በዚያው ክልል በመተከል በተደጋጋሚ የደረሰው ጥቃት፣ የመሬት ስፋት ያለ ጸጥታና ያለ ሕጋዊ ሰነድ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል።

ተረት 5፦ በትንሽ ከተማ ኑሮ ርካሽ ነው

ርካሽነት አቅጣጫ አለው። በሮብ ገበያ ድንች በሚወጣበት ወቅት ዋጋው የሚወርደው ምርቱ ቶሎ ስለሚበላሽና ወደ ሩቅ ገበያ ማጓጓዙ ስለሚያስወጣ ነው፤ ያው የማጓጓዣ ወጪ ደግሞ ዘይትን፣ ሳሙናን፣ ስኳርንና ቆርቆሮን ተራራውን ሲወጡ ያስወድዳቸዋል። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ርካሽ የሚሆነው የአካባቢውን ምርት ለሚበላ ሰው ነው። ጤፍ የመሰለው በሁሉም ቦታ የሚፈለግ እህል ግን ነጋዴው ወደ አዲስ አበባ መጫን ስለሚችል፣ በተመረተበት ወረዳም ዋጋው የዋና ከተማዋን ገበያ ይከተላል።

ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው በሒሳቡ የሚረሳው ደግሞ ቀድሞ ያልገዛቸውን ነገሮች ነው። እህል፣ ማገዶ፣ ወተትና ማረፊያ ከራሱ የነበሩት ቤተሰብ ከተማ ሲገባ እነዚህን ሁሉ በብር ይገዛል፤ በአዝመራ ጊዜ በደቦና በወንፈል የሚያገኘው ጉልበት፣ በለቅሶ ጊዜ እድሩ የሚሸከምለት ወጪም አብረውት አይሄዱም። አዲስ እድር መግባት በራሱ መዋጮ ይጠይቃል። የወር ገቢው በእጥፍ ያደገ ሰው የቀድሞውን ኑሮ ማስቀጠል የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው።

ተረት 6፦ የአባቶች ደጋ ሁልጊዜ ደጋ ነው

የብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 2006 ባለው መረጃ ላይ ባደረገው ትንተና፣ በአገሪቱ ዝቅተኛው ማለትም የሌሊቱ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በአማካይ በ0.37 ዲግሪ መጨመሩን ገልጿል። ከላይ በተገለጸው የከፍታና የሙቀት ዝምድና ሲታሰብ፣ ይህ በአንድ ትውልድ የሌሊቱን ብርድ ከ150 ሜትር በላይ ቁልቁል የመውረድ ያህል ያቀለዋል። ለደገኛው ይህ ለጊዜው መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ ውርጭ ያቃጥለው የነበረ ማሳ ሊታረስ ይችላልና። ይሁን እንጂ እርሻው ወደ ጮቄ አናት በተጠጋ ቁጥር ተዳፋቱ ይሸረሸራል፣ ከተራራው የሚነሡት ወንዞች በበጋ ይቀንሳሉ፣ ትንኟም ወደ ላይ ትከተላለች።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የሚያሳዩት፣ አየር፣ መሬትና የኑሮ ዋጋ ተነጣጥለው የሚመረጡ እንዳልሆኑ ነው፤ ሙቀት ያለበት ሰፊ መሬት ወባና ገንዲ አለበት፣ ጤና የሚመስለው ደጋ ጠባብና አሲዳማ ነው፣ ከተማውም እህሉን በብር ያስገዛል። አዲስ ቦታ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት ሥራ በሚቀልበት በጥርና በየካቲት ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገዱ ደርቋል፣ እህሉ ተወቅቷል፣ ትንኝም እምብዛም የለም። ቦታው እውነተኛ ጠባዩን የሚያሳየው ግን ዝናቡ አብቅቶ ወባ በሚበረታበት ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እንዲሁም ጎተራ በሚጎድልበትና መንገድ በሚቆረጥበት በነሐሴ ነው። አገሩን ለመልቀቅ ያሰበ ቤተሰብ የሚሄድበትን ቦታ ቢያንስ አንድ ጊዜ በመስከረም ይየው፤ የይዞታ ደብተሩንም እስኪመለስ ድረስ አይልቀቅ።