የአንጀቱ በር ሳይዘጋ

ከደወሌ ወይም ከገላፊ መጥታ ቡላኦስ የደረሰች ፍየል ሌሊት ብትወልድ፣ ብዙ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያየው የግልገሉን ፆታ ነው። መቆጠር ያለበት ግን ሰዓቱ ነው።

ፍየል፣ በግና ላም በሽታ ተከላካይ ፀረ እንግዳ አካላትን በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሱ አያስተላልፉም። ግልገሉ የሚያገኛቸው ከእንገር ነው። ሲወለድ የትንሹ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት እነዚህን ትልልቅ ፕሮቲኖች ሳይፈጩ ወደ ደም ያሳልፋሉ። በ24 ሰዓት ገደማ ግን በሩ ይዘጋል፤ ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ረግፈው በሌላ ዓይነት ይተካሉ። አሮጌውም አዲሱም የሚይዙት ዘረ መል አንድ ነው፤ ልዩነቱ የትኛው እንደሚሠራና የትኛው እንደሚታፈን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የታተሙ ጥናቶች፣ ብሊምፕ 1 የተባለ ፕሮቲን በጥቢ ወቅት የአዋቂ አንጀት ጂኖችን አፍኖ እንደሚያቆይ አሳይተዋል።

ስለዚህ እናቲቱን ለገዢ ከመለየታችሁ በፊት ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ጠግቦ መጥባቱን አረጋግጡ። መጥባት ካቃተው አልባችሁ አጠጡት፤ ለ3 ኪሎ ግልገል በአንድ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ በቀን አራት ጊዜ። ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ እንገር ምግብ እንጂ ለደሙ መከላከያ አይሆንም። ዛሬ ነፃ ነው፤ ነገ በፍራንክም አይገዛም።