የማሽላ ሥርና የምድር ውስጥ ረዳቱ

ዝናሙ ያለጊዜው በተቋረጠ ዓመት፣ በቆቦና በሚኤሶ ቆላ በቆሎው ጠውልጎ ሳለ ማሽላው ቆሞ ሲታይ፣ ምስጋናው ሁሉ ለአገዳው ብርታት ይሰጣል፤ ከፊሉ ግን ከአፈር በታች ከሥሩ ጋር ለሚኖር፣ ለዓይን ለማይታይ ረቂቅ ፍጥረት የሚገባ ነው።

ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ በ1885 እ.ኤ.አ. ማይኮራይዛ ብሎ የሰየመው ይህ የሥርና የፈንገስ ሱታፌ፣ በስኮትላንድ ከተገኙ ቅሪተ አካላት እንደታወቀው፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። በአዝርዕት ዘንድ ፈንገሱ በሥሩ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ፣ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ሲሳይ ከመቶ ከ4 እስከ 20 የሚገመተውን እየተቀበለ፣ ውፍረታቸው በአብዛኛው ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የማይበልጠውን ክሮቹን ሥር ወደማይደርስባቸው ጠባብ የአፈር ቀዳዳዎች ይልካል።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፈንገሱን ውኃ ቀጂ ብቻ አድርገው ያስቡታል። ውኃስ በእርግጥ ያቀብላል፤ ዋነኛው ረድኤቱ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በፎስፈረስ ላይ ነው። ፎስፈረስ በአፈር ቅንጣቶች ዙሪያ ባለው ስስ ውኃ ውስጥ በዝግታ የሚጓዝ ስለሆነ፣ መሬቱ በደረቀ ጊዜ መንገዱ ይቋረጥና ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ጨርሶ ይራባል፤ የፈንገሱ ክር ግን ያን ባዶ ስፍራ አልፎ ከሩቅ ያመጣለታል፤ በዚህም የጠነከረ ተክል ድርቁ ሳይጸና ሥሩን ወደ ጥልቁ ሊሰድ ይችላል። ከዚህም ሌላ ክሮቹ አፈሩን ከሥሩ ጋር አጣብቀው ስለሚይዙት፣ ምድር ስትኮማተር ግንኙነታቸው ቶሎ አይበጠስም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጥሪው ነገር ነው። ፎስፈረስ ያጣ ሥር ፈንገሱን የሚጠራበትን ስትሪጎላክቶን የተባለ ቅመም ወደ አፈር ሲያፈስ፣ በመሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ዘር በዚያው ጥሪ ነቅቶ ይበቅልና የማሽላውን ሥር ይመጠምጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት የታወቁ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ዘንድ ጥሪው ፈጽሞ ሳይጠፋ የቅመሙ ዓይነት ብቻ ተለውጦ አቀንጭራን እምብዛም የማያነቃ ሆኗል።

ይህ የሥርና የፈንገስ ማኅበር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በሰው እጅ ነው፤ ደጋግሞ ማረስ ክሮቹን ይበጣጥሳል፣ ማሳውን ባዶ ማሳደር ያስርባቸዋል፣ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ሲበዛም ተክሉ ራሱ ደጁን ይዘጋባቸዋል። በፋብሪካ የተባዛ ፈንገስ ከመግዛት በፊት በማሳው ያለውን መጠበቅ እንደሚቀድም አምናለሁ፤ በማሽላው መካከል የሚዘራ ማሾ ወይም ቦሎቄ ፈንገሱን ሲመግበው፣ ጎመንና ሰናፍጭ ግን ከዚህ ሱታፌ ውጭ የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ከእነሱ በኋላ የተዘራ ማሽላ በምድር ውስጥ የሚጠብቀው ረዳት ያነሰ ነው።